ዘመድ የሌለበት ከተማ

ወንድሜ ለዕረፍት ሆኖሉሉን የመረጠልኝ ለባሕሩ ብሎ አይደለም። ዘመድ ስለሌለን ነው።

አንድ እሑድ ሳን ሆዜ በነበረው አፓርታማችን ወለል ላይ የአሜሪካን ካርታ ዘርግቶ ከተሞቹን በእርሳስ እየሰረዘ ሄደ። ሲያትል የአጎታችን ልጅ አለ፤ ተሰረዘ። ዳላስ አብሮ አደጉ አለ፤ ተሰረዘ። ዋሺንግተንማ አይነሳም።

"የትም ብትሄድ ኤርፖርት መጥቶ የሚቀበልህና ባንተ ፈንታ የሚያወራ አታጣም" አለኝ። ከዚያ በካርታው ጥግ፣ ውሃ መሀል ያለችውን ነጥብ ከበባት። "እዚህ ግን ማንም የለንም።"

ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ እሱ ስፖንሰር አድርጎኝ ከመጣሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። እሱ በሱዳን በኩል የመጣ ነው። በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። እኔ ኦክላንድ ኤርፖርት አጠገብ የኪራይ መኪና አጥብ ነበር። መኪና አያናግርም፤ ለዚህ ነው ሥራውን የወደድኩት። እንግሊዝኛ አነባለሁ፣ እሰማለሁ። ለመናገር ግን፣ እንዴት ልበል፣ ምላሴ ይታሰራል። በአማርኛም ቢሆን ቶሎ አይመጣልኝም። ሐኪም ቤት እሱ ይናገርልኛል፣ ባንክ እሱ ይናገርልኛል። አንድ ሁዳዴ ድንች ብቻ አዝዤ ሥጋ ያለበት ሳንድዊች ሰጡኝ። መልሱልኝ ማለት አቅቶኝ በላሁት። ወንድሜ ይህንን ለሰው ሁሉ አወራብኝ። "እሱን ጾም ያስገደፈው ረሃብ አይደለም፣ ዝምታ ነው" እያለ።

ልቡን ያመው ነበር። ያን ሰሞን ሥራ አቁሟል። "ሐኪሙ ደህና ነህ ብሎኛል፣ ሂድ" አለኝ። አመንኩት። ስምንት ቀን ነው የምቆየው። ጎረቤታችን እትዬ ልታየው ቃል ገባች።

"በየጠዋቱ ትደውላለህ" አለኝ። "ስለ ባሕሩ እንዳትነግረኝ፣ በቴሌቪዥን አይቼዋለሁ። ማንን እንዳናገርክ ነው የምትነግረኝ። ብተኛም እትዬ ትቀሰቅሰኛለች።"

የመጀመሪያዎቹን ቀናት አላወራም። አብዛኛውን ያሳለፍኩት ሆቴል ክፍሌ ውስጥ ነው። የምኮራው በመጨረሻዎቹ ነው።

ማክሰኞ በባሕሩ ዳር ስሄድ፣ ጣሪያ ብቻ ባለው ዳስ ሥር ሽማግሌዎች ዳማ ሲጫወቱ አየሁ። ቆሜ ሳያቸው አንዱ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ባዶውን ወንበር አሳዩኝ። ተቀመጥኩ። የእኛ አገር ንጉሥ እስከፈለገበት ይሄዳል፤ የእሳቸው ንጉሥ አንድ አንድ እርምጃ ብቻ ነው። እኔ ከዳር እስከ ዳር ነዳሁት። "ኖ" አሉ። እኔም "ኖ" አልኳቸው። በእጅም በአፍም ተከራከርን። በመጨረሻ በእሳቸው ሕግ ተጫውተን ሁለተኛውን ጨዋታ አሸነፍኩ። የዚያኑ ዕለት ምሳ ላይ ዓሣ አዝዤ ዶሮ ሲያመጡልኝ፣ "ይህ የእኔ አይደለም" ብዬ መለስኩት።

ረቡዕ ጠዋት ደውዬ ሁለቱንም ለወንድሜ ነገርኩት። ዓሣው ላይ ስደርስ እስኪያስለው ሳቀ።

"መለስከው?"

"መለስኩት።"

"ማኔጀሩን ጠራህ?"

"ለምን እጠራለሁ? አመጡልኝ እኮ።"

"ሌላ ጊዜ ማኔጀሩን ጥራ። ደንብ ነው።"

"ጎበዝ አትለኝም?"

"ማኔጀሩን ስትጠራ እልሃለሁ" አለና ዘጋው።

ያን ዕለት ማታ የክፍሌ ሙቅ ውሃ ጠፋ። ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። ወርጄ ማኔጀሩን ጠራሁ። ሰውዬው ይቅርታ ጠይቆ ክፍል ቀየረልኝ። ሐሙስ ጠዋት ይህንን ይዤ ደወልኩ።

ስልኩን ያነሱት ጋሼ ነበሩ። ጋሼ ከቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው፣ ኦክላንድ የሚኖሩ፣ ፓርኪንግ ውስጥ የሚሠሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ከሥራ ቀርተው አያውቁም። ፈጣኑን መንገድ፣ ፍሪዌይን፣ ስለማይነዱም ሳን ሆዜ ድረስ አይመጡም።

"ጋሼ? እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ ልጄ። ሙቀቱ እንዴት ነው?"

"ዛሬ ሥራ የለዎትም?"

"ኦፍ ነኝ። ኦፍ ወሰድኩ።"

"ወንድሜን ያቅርቡልኝ።"

"ተኝቷል። መድኃኒቱ ነው። አትቀስቅሱኝ ብሏል።" ቶሎ ብለው ቀጠሉ። "ቅዳሜ ነው አይደል የምትመጣው? በስንት ሰዓት? እኛ እንቀበልሃለን፣ ታክሲ እንዳትይዝ።"

ከኋላ የብዙ ሰው ድምፅ ነበር፤ ወዲያው ጸጥ አለ። እትዬ ስልኩን ተቀበለቻቸው። "በልተሃል?" አለችኝ። "በልቻለሁ" ስላት ስልኩ ተዘጋ።

ወንድሜ አትቀስቅሱኝ አይልም። ሐሙስ ረፋድ ላይ ሳን ሆዜ፣ ጋሼ ቤታችን ቁጭ ብለው፣ ታክሲ እንዳትይዝ ሲሉኝ ገባኝ። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ብቻውን ያለ ሰው ደግሞ ጭራሽ አይነገረውም። አልፈረድኩባቸውም። ደግፎ የሚያስቀምጠኝ ሰው እስካገኝ ነው የጠበቁት።

ሻንጣዬን ይዤ በአውቶቡስ ኤርፖርት ሄድኩ። ቲኬቴ የቅዳሜ ነው። የቲኬት ባንኮኒው ጋ ያለችው ሴት ለምን መቀየር እንደፈለግኩ ጠየቀችኝ። ዞር ብዬ አየሁ። ሁልጊዜ እንደዚያ አደርግ ነበር፤ ወንድሜ ከኋላዬ ይቆማልና። ማንም የለም። "ወንድሜ ሞቷል" አልኩ፣ በእንግሊዝኛ። እንግዲህ እስከዚያ ድረስ ማንም አልነገረኝም። ቃሉ መጀመሪያ የወጣው ከእኔ አፍ ነው፣ ለማላውቃት ሴት።

"መቼ?" አለችኝ።

"አላውቅም።"

ወረቀት ያስፈልጋል አለች። የለኝም አልኳት። ያለ ወረቀት አይሆንም አለች። "እሺ፣ ማኔጀርሽን ጥሪልኝ" አልኳት። ጠራችው። ለእሱም ደገምኩለት፤ አንድም ቃል አልተሳሳትኩም። ቦታ ሰጡኝ።

በማግስቱ ጠዋት ኦክላንድ ወረድኩ። ለማንም አልደወልኩም። ባርት የሚባለውን ባቡር ይዤ ዩኒየን ሲቲን አልፌ ፍሪሞንት ደረስኩ፤ ከዚያ በባስ ሳን ሆዜ። በራችን ላይ የተደረደረው ጫማ ደረጃው ድረስ ወርዷል።

ጋሼ ሲያዩኝ ከወንበራቸው ተነሡ። "ቅዳሜ አልነበረም እንዴ?"

"ቀየርኩት።"

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ለቅዳሜ ያዘጋጁት ንግግር ነበራቸው መሰለኝ። "ልጄ፣ እስቲ አረፍ በል። እግዚአብሔር የሰጠውን..."

"ጋሼ፣ አውቄዋለሁ።"

ወደ እትዬ ዞሩ። "አትናገሩ አላልኩም?"

"በማርያም፣ በልተሃል ወይ ነው ያልኩት!" አለች እትዬ።

"ማንም አልነገረኝም" አልኩ። "መቼ ነው?"

"ረቡዕ ወደ ማታ" አሉ ጋሼ። "ከትናንት ጀምሮ ብቻህን ይዘኸው ነበር?" ብለው በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ከዚያ ነገሩኝ። ሐኪሙ ደህና ነህ አላለውም ነበር። የቀረህ ጥቂት ሳምንት ነው ብሎት ነበር። ጋሼ ልጁን አትላክ ብለው ለምነውታል። ወንድሜ ግን "ጋሼ፣ እኔ አጠገቡ ካለሁ አፉን አይከፍትም። ሳልሄድ መናገሩን ልስማ" አላቸው። ተናደድኩ። ዛሬም አንዳንዴ እናደዳለሁ፤ እጁን ይዤ በነበርኩ እላለሁ። ግን ያን ሁሉ አውቆ፣ ካርታ ዘርግቶ እየሳቀ ከተማ ሲሰርዝ የነበረ ሰው ነው። እንደዚያ ያለ ወንድም ስንት ሰው አለው?

ከሰዓት በኋላ የቀብር ድርጅቱ ቢሮ መሄድ ነበረብን። አስከሬኑ አዲስ አበባ እናታችን ዘንድ ይሂድ ወይስ እዚሁ ይቀበር የሚለውን የሚፈርም የቅርብ ዘመድ እኔ ብቻ ነኝ። ጋሼ እዚህ የተወለደ ልጃቸውን እንዲያስተረጉም ሊያመጡ አሰቡ። "አያስፈልግም፣ ጋሼ። እርስዎ ብቻ አብረውኝ ይቀመጡ" አልኳቸው።

አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። አገሩ እንዲገባ ፈረምኩ። ያልገባኝን አስደገምኩ። የቢሮው ሰውዬ አስከሬኑ ከመላኩ በፊት ስድስት ቀን ይቆያል ሲለኝ እናቴ እስከዚያ አትጠብቅም አልኩት፤ በአራተኛው ቀን አደረገው።

ስንመለስ ለቅሶ ቤቱ ሞልቶ ነበር። አንዱ "ማን ተናገረላችሁ?" ብሎ ጠየቀ።

"ራሱ ነዋ" አሉ ጋሼ። "እኔማ እንደ ሻንጣ ተቀምጬ ነው የተመለስኩት።"

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። እትዬ "ኧረ ለቅሶ ቤት ነው!" አለች።

"ይሳቁ" አሉ ጋሼ። "ሟቹ የከፈለበት ነው።"

ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ በሰው ሁሉ ፊት፣ ጮክ ብዬ። አንገቴን ግን አልደፋሁም።