ፎቶዋ የቀረ ሐኪም

በሆስፒታሉ የሰው ኃይል ክፍል የሚሠራውን ሰው ባልደረቦቹ «አፈ ቅቤ» ይሉታል። «ልበ ጩቤ» ብሎ የሚጨርስበት ግን የለም፤ ክፋት እንደሌለበት ሁሉም ያውቃል። ሥራው ሐኪም ማምጣት ነው። እዚያ ቤት ሐኪም እንደ መንገደኛ ነበር፤ ሻንጣውን በቅጡ ሳይፈታ ይሄዳል።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ጠሩትና፣ «ስማችንን እናሳምር። ስም ካማረ ሐኪሙ ራሱ ይመጣል» አሉት። እሱም አሳመረ። የአትክልቱን ቦታ፣ የሚስቁ ነርሶችን፣ አዲስ የተቀባውን የቀዶ ሕክምና ክፍል በቪዲዮ አስቀርጾ ለቀቀ። ካዩት አንዷ የአጥንት ሐኪም ነበረች። ደወለችለት።

«ቤት አለ?»

«አለ፣ ዶክተር።»

«ትምህርትስ?»

«ዓመት ሳይሞላዎት እንልክዎታለን።»

አባቷን ይዛ መጣች። ቤት የተባለው ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ያለ አንድ ክፍል ሆኖ ተገኘ፤ በእንፋሎቱ ግድግዳው ያልበዋል፣ ሽማግሌው ሲያስሉ ያድራሉ። ራጅ ማንሻው ከሚሠራበት የሚቆምበት ይበዛል። እሷ ግን እጇ መድኃኒት ነበርና ወረፋዋ ከአጥሩ ውጭ ተረፈ። ሥራ አስኪያጁም ፎቶዋን በትልቁ አሳትመው በሩ ላይ ሰቀሉት፤ «ሐኪሞች የሚወዱት ቤት» ተብሎ ተጻፈበት።

ስለ ቤቱ በጠየቀች ቁጥር አፈ ቅቤ «ትንሽ ይታገሱ፣ ዶክተር» ይላታል። እንደማይሆን እያወቀ።

ዓመቱ አልፎ ትምህርቱም ሲቀር፣ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ይዛው ገባች። «ቃል የገባልኝ እሱ ነው፤ ይጠየቅ» አለች።

ያ ሁሉ አፍ ተለጎመ። «ምናልባት በስልክ ሳንግባባ ቀርተን ይሆናል» አለ፣ ዐይኑን ወለሉ ላይ ተክሎ።

አልተቆጣችውም። ሲወጡ ፎቶዋን ቀና ብላ አየችና፣ «ይቺን ሴት ባገኛት ደስ ይለኛል፤ ደልቷታል» አለችው። ብዙም ሳትቆይ ለቀቀች።

ፎቶው ግን አልወረደም። አንዲት እናት እግሩ የተሰበረ ልጇን አዝላ ከሩቅ መጥታ፣ ሐኪሟ እንደሌለች አፈ ቅቤ ሲነግራት፣ «ታዲያ ከሌለች ለምን ሰቀላችኋት፣ ወንድሜ?» አለችው። መሰላል አስመጥቶ ራሱ አወረደው። ሥራ አስኪያጁ ቢቆጡትም መልሶ አልሰቀለውም።

ሐኪሟ ጋ ለመደወል ግን ድፍረቱ ቶሎ አልመጣለትም። በስንት መከራ ደውሎ ይቅርታ መጠየቅ ሲጀምር አቋረጠችው።

«ቤቱስ ይቅር፣ ችዬው ነበር። ያን ቀን ግን ‹አዎ፣ ብያታለሁ› ብትል ኖሮ እቆይ ነበር። አንድ ሰው አለኝ እል ነበር።»

ቀጥላም፣ «ያ ጉልበቱን የሠራሁለት ግንበኛ እንዴት ነው?» አለችው። አያውቅም ነበር።

በማግስቱ አጠያይቆ ግንበኛውን ሥራው ላይ አገኘው፤ ትንሽ ያነክሳል እንጂ መወጣጫውን ይወጣል። ደውሎ ነገራት። «እሰይ» አለች፤ ደስታዋ ከድምፅዋ ያስታውቅ ነበር።

«ይመለሳሉ?» ብሎ ሊጠይቃት ምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር። ዋጠው። ምን አለኝ ብሎ ይጠራታል?

አሁን ሐኪም ሲደውልለት፣ ክፍሉ እርጥብ መሆኑን፣ ራጁም እንደሚበላሽ አስቀድሞ ይናገራል። አብዛኞቹ አመስግነው ይዘጋሉ።