የትራስ ሰፊዋ ሠራተኞች

ይሄ ደግሞ ትራስ ተብሎ ይሸጣል! ባለፈው ቅዳሜ ከአዳማ ገበያ የገዛሁት ነው፤ ውስጡ የስፖንጅ ቁርጥራጭ፣ ሽታው የተቃጠለ ፕላስቲክ። ጠዋት አንገቴ አልዞር አለ። ተናድጄ ከቁም ሳጥኑ አሮጌውን አወጣሁ። ፊቴን ስቀብርበት ያ የደረቅ ጥጥ ሽታ መጣ፤ የድሮው ንዴቴም አብሮት መጣ። ቁጭ በል ልንገርህ።

ልጅ ሆኜ በምንኖርበት ግቢ ግንዱ እሾህ የለበሰ ትልቅ የጥጥ ዛፍ ነበረ። ፍሬው ሲደርቅ ይፈነዳና ግቢው ነጭ በነጭ ይሆናል። ከጎናችን አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ባልቴት ያንን ጥጥ ለቅመው ትራስ ይሰፉ ነበር፤ ሌላ መተዳደሪያ አልነበራቸውም። እትዬ እንላቸው ነበር።

ዛፉ በበጋ ቅጠሉን አራግፎ ያብባል። አመሻሽ ላይ አበባው ሲከፈት የተበላሸ ወተት ይሸታል፤ ያኔ የጓሮው ዋርካ ላይ ተሰቅለው የዋሉት የሌሊት ወፎች ይመጣሉ። እትዬ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ "ሠራተኞቼ ገቡ" ይሉ ነበር። "እነሱ ካልመጡ ጥጥ የለም። ፊታቸውን አይታችሁታል? በአበባ ዱቄት ቢጫ ሆኖ!" ግቢው በሙሉ ይስቅባቸዋል። እኔም ስቄባቸዋለሁ።

አንድ ቀን የጎረቤት ማንጎ ልሰርቅ በሽቦ አጥር ስሾልክ ጉንጬን ተቧጨርኩ። በዚያ አጥር ዝር እንዳልል አባቴ አስጠንቅቆኝ ነበር። ሁለት ቀን ደበቅኩት፤ መግል ያዘ። "ፊትሽን ምን ነካው?" ሲለኝ ምን ብል ጥሩ ነው?

"የሌሊት ወፍ ሸናብኝ።"

አባቴ የሰሜን ሸዋ ሰው ነው፤ እነሱ ዘንድ ፊት ላይ የወጣ ቁስል ሁሉ በሌሊት ወፍ ሽንት ይሳበባል። ሌላ ማስረጃ አልፈለገም። ጎረቤት አስተባብሮ ዋርካው ሥር አሮጌ ጎማና በርበሬ ማጨስ ያዙ። እትዬ ነጠላቸው እየተጎተተ መጡ።

"ኧረ በፈጠራችሁ ተዉ! እንጀራዬን እኮ ነው የምታባርሩት!"

"እርስዎ ደግሞ፣ ከልጄ ፊት ትራስ ይበልጥብዎታል?" አላቸው አባቴ።

አፍረው ተመለሱ። እኔ በር ላይ ቆሜ፣ ጉንጬን በመዳፌ ሸፍኜ ሁሉንም እያየሁ ነበር። ሦስት ቀን ጨሰ፤ አንድም የሌሊት ወፍ አልቀረም።

በዓመቱ ዛፉ እንደ ልማዱ አበበ። አበባው እንዳለ ረገፈ፤ ፍሬ የለም። እትዬ በየጠዋቱ የረገፈውን ይጠርጋሉ፣ ቀና ብለው ቅርንጫፉን ያያሉ፣ ይገባሉ። መልካሳ እርሻ ምርምር የሚሠራው አጎቴ ሊጠይቀን ሲመጣ ጉዱን ሰማና፣ "ወለላውን ሲልሱ የአበባውን ብናኝ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርሱት እኮ እነሱ ነበሩ" አለ። ግቢው በሙሉ "ለካስ!" አለ። ለካስ? ሴትዮዋ ስንቴ ነገሯችሁ! አሁን ድረስ ደሜ ይፈላል። የተማረ ወንድ ካልተናገረው እውነት አይሆንም? አባቴ ይቅርታ እንኳ አልጠየቃቸውም። እኔስ ምኔ ይሻላል?

እትዬ እንጀራቸው ሲቋረጥ ወደ ቡልቡላ ከተማ፣ ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ ተነሱ። ዕቃቸው ጋሪ ላይ ከተጫነ በኋላ ጠሩኝና በተረፈቻቸው ጥጥ የሰፉትን ይህን ትራስ አስታቀፉኝ። ጠባሳዬን በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉት።

"የኔ ልጅ፣ ሽቦ የቧጨረውን ጉንጭሽን በዚህ አሳርፊው" አሉኝ።

ስለ ሽቦው ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር።