ቡናዬ ላይ ያረፈው ሄሊኮፕተር

እስቲ ፍረዱኝ! በደርግ ጊዜ፣ ጅማ አጠገብ የቡ ከተማ ባሰጣሁት ቡና መሀል የወታደር ሄሊኮፕተር መጥቶ አረፈ። ነፋሱ ግማሹን ቡና ሊሙ ገነት አደረሰው።

«ማሎ፣ ቶሎ አንሱልኝ!» ብዬ ጮህኩ።

ከውስጡ የወረደው መካኒክ ስንጥቅ ሊፈልግ የክንፉን መያዣ ብረት ቀይ ቀለም ቀብቶ ጠረገና ነጭ ዱቄት ነፋበት። እንደ ፀጉር የቀጠነ ቀይ መስመር ብቅ አለ።

«ሲሽከረከር ኖሮ ደክሞ ተሰንጥቋል፤ አይበርም፣ አባባ» አለኝ።

«ወላሂ፣ የሸክላ ድስቴ ከዚህ ብሶ ተሰንጥቆ ወጥ ይሠራል!»

አብሮ የመጣው ካድሬም ተቆጣ፤ «ለዚህች ጭረት? ይነሳ!»

«እሺ ጓድ፣ ይግቡ» አለው መካኒኩ።

ካድሬው ሰማዩን አየ፤ ቀጥሎ በቅሎዬን አየ። ጅማ የገባው በእሷ ነው። ደግሞ እኮ ላይዋ ከመውጣቱ በፊት አራቱንም ኮቴዋን እያነሳ ስንጥቅ ፈለገባት!