የሶዲየም የመጨረሻዋ ኤሌክትሮን

ቁጭ ማለት የማይሆንልኝ ልጅ ነበርኩ። ከነገሌ ወደ ወደራ ከተማ የሚወጣ የጭነት መኪና ባየሁ ቁጥር ውስጥ እግሬን ይበላኛል። ያን ዓመት ደግሞ አዲስ አበባ ያለ የመምህራን ማሠልጠኛ ተቀብሎኝ የቀረኝ የአባቴ ፈቃድ ብቻ ነበር። አባቴ እዚያው ነገሌ ጦር ሰፈር ውስጥ አስር አለቃ ናቸው። ይከለክሉኛል ብዬ ስለፈራሁ አፌን ይዤ ሰነበትኩ።

በዚሁ መሀል የሳይንስ መምህራችን ሶዲየም የሚባለውን አቶም ሊያሳዩን ግቢ አወጡን። የውሃው በርሜል ኒውክለስ ነው አሉ። አስራ አንዳችን ኤሌክትሮን ሆነን ሁለት በርሜሉ ጥግ፣ ስምንት ከእነሱ ኋላ፣ አንድ ከሁሉም ውጪ እንድንቆም አዘዙ። ማን የት ይቁም ግን አላሉም። እኛ የጦር ሰፈር ልጆች ምን ቸገረን፣ በአባቶቻችን ማዕረግ ቆምን! የሻለቃውና የሻምበሉ ልጆች በርሜሉን ተደገፉት፣ የመቶ አለቃና የሃምሳ አለቃ ልጆች ከበቧቸው፣ እኔ ብቻዬን ውጪ ፀሐይ ላይ ቀረሁ።

መምህሩ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁና በርሜሉ ይታይሻል ወይ አሉኝ። የሚታየኝ የሰው ጭንቅላት ብቻ ነው አልኳቸው።

“በርሜሉ ሁላችሁንም ይስባል” አሉ። “አንቺን ግን ከፊትሽ ያሉት አስሩ ይከልሉሻል፣ ይገፉሻልም። የሚደርስሽ ስበት ጥቂት ነው። ስለዚህ ሌላ አቶም ሲመጣ ቀድመሽ የምትሄጂው አንቺ ነሽ።”

እሰይ አልኩ በልቤ፤ መሄድ አይደል የምፈልገው!

ማታውኑ ድፍረቱ መጣልኝ። አምስቱ ወንድሞቼ አባቴን ከበው ያወራሉ፤ አንዱ ስለ ኳስ፣ አንዱ ስለ ውትድርና። ልመናውንም ለቅሶውንም አዘጋጅቼ ከኋላቸው ቆምኩና አዲስ አበባ ሄጄ እንድማር ይፍቀዱልኝ አልኩ።

“ሂጂ” አሉኝ። ወዲያው ወደ ታላቅ ወንድሜ ዞረው ስለ ጫማው ጠየቁት።

በቃ። መቼ፣ ከማን ጋር፣ የት ታድሪያለሽ የለ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ሆድ ባሰኝ። ሻንጣዬን አስሬ ፈታሁ፣ መልሼ አሰርኩ።

የሄድኩ ዕለት የጭነት መኪናው ሹፌር “ናጋ?” እያለ በኦሮምኛ ሰላም ነው ወይ እየጠየቀ ተሳፋሪ ይሰበስባል። አባቴ የጦር ሰፈሩ በር ላይ ቆመዋል። እግሬን መኪናው መወጣጫ ላይ አድርጌ ዓይን ዓይናቸውን አየኋቸው። ስንት ዓመት ልሂድ ልሂድ ስል የኖርኩ ሰው፣ አንዴ “ቆዪ” ቢሉኝ እወርድ ነበር።