ሸሁ የመረቁት ምራቅ

ቁጡ ነኝ፤ ይህን ባልደረቦቼ ከሚነግሯችሁ እኔው ልንገራችሁ። ሥራዬ መስማት የተሳናቸውን ሰዎች ዘረመል ማጥናት ነው። ለዚህ ከእያንዳንዱ ሰው የምፈልገው አንድ ማንኪያ የማትሞላ ምራቅ ናት።

ያን ጊዜ የሄድኩት ወዳደግሁበት ወደ መካነ ሰላም ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ቁርኣን የሚያቀሩ አንድ ሽማግሌ ሸህ ቤት ገባሁ። የሰባት ዓመት የልጅ ልጃቸው አትሰማም። እናትየዋ ልጅቷን በዘጠኝ ወሯ ጡት አስጥላ ዓረብ አገር ሄዳ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ስትመለስ ልጅቷ አትሰማም፣ አትናገርም። ሸሁ ታዲያ፣ «ጡት ተነጥቃ አልቅሳ አልቅሳ ነው ጆሮዋ የተደፈነ» ይሉ ነበር፤ ለክፋት ሳይሆን እውነት መስሏቸው። እናትየዋም አምናለች። የምራቅ መቀበያ ቱቦውን ስሰጣት፣ «እህቴ፣ ከእኔ ከሆነ እንዳትደብቂኝ፤ ልወቀው» አለችኝ። «ወላሂ፣ አልደብቅሽም» አልኳት።

የልጅቷንና የሁለቱን ወንድሞቿን ቱቦ ለቤተሰቡ ትቼ፣ የዘር ሐረጉን ልጽፍ ከአባትየው ጋር ደጅ ወጣሁ። ያበላሸሁት እዚህ ላይ ነው።

ከወራት በኋላ አዲስ አበባ ውጤቱ ሲመጣ የሦስቱም ልጆች ናሙና ውስጥ የሌላ ሰው ዘረመል ተቀላቅሏል። ባልደረባዬ ላይ ጮህኩበት። «ጓንት ማድረግ እንኳ አታውቅም?» እሱ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው። ሦስቱም ውስጥ የገባው ያው አንድ ሰው ነው፤ ሸሁ! የራሳቸውም ናሙና ስለነበረን ሲመሳከር አንድ ሆኖ ተገኝቷል። ባልደረባዬን ይቅርታ ለመጠየቅ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

በአቀስታ በኩል፣ በዚያ ብርድ፣ በሚኒባስ ወደ ሸሁ ቤት ተመለስኩ።

«ሸሁ፣ የልጆቹ ቱቦ ውስጥ ተፍተዋል እንዴ?»

«ታዲያስ!» አሉ ደስ ብሏቸው። «ዱዓ አድርጌ እንትፍ እንትፍ አልኩበት። ባዶውን አዲሳባ ድረስ ይሂድ?»

ልቆጣ አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም። ፈተና ልቀመጥ ስል ስንት ሽማግሌ እንትፍ ብሎ መርቆኝ ነው ያደግሁት! ያገር ልጅ ሆኜ፣ ምራቁ የየራሳቸው ብቻ መሆን እንዳለበት ሳላስረዳ ትቼ መውጣቴ የማን ጥፋት ነው? ተቀምጬ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ሸሁ ሲገባቸው ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ ያኔ ምነው ዝም አልሽ?»

እንደገና ስንጀምር መጀመሪያ የልጆቹን አናት መረቁ። ልጆቹ አፋቸውን ተጉመጥምጠው ትንሽ ቆይተው፣ እኔ እያየሁ በየራሳቸው ቱቦ ተፉ። እኔንም እንትፍ እንትፍ ብለው ስለመረቁኝ መነጽሬን መጥረግ ነበረብኝ።

ሦስተኛ ጊዜ የሄድኩት መልሱን ይዤ ነው። ለባልና ሚስቱ ለብቻቸው ልነግር ስል እናትየዋ፣ «አባባ ባሉበት ይሁን» አለች። የእሳቸውም ውጤት እንዳለበት ለሸሁ ነግሬ ፈቃዳቸውን ጠየቅሁ። «እንስማው» አሉ።

ነገርኳቸው። ለመስማት የሚያገለግል አንድ ዘረመል አለ፤ ልጅቷ ከእናቷም ከአባቷም የተበላሸውን ወርሳለች። ከአንድ ወገን ብቻ የወረሰ ሰው ይሰማል፤ ከሁለቱም የወረሰ ግን አይሰማም። የአባትየው የመጣው ከሸሁ ነው። ልጅቷ ስትወለድም አትሰማም ነበር።

እናትየዋ ወደ እኔ ተጠጋች።

«ጡት ባላስጥላት፣ ባልሄድም ያው ነበር?»

«ያው ነበር።»

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እኔም አብሬያት አለቀስኩ፤ ምን አደርጋለሁ! ሸሁ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱ። «ሦስት ዓመት በሰው ፊት ስወቅስሽ ኖርኩ። አፉ በይኝ ልጄ።»

«አፉ ብያለሁ፣ አባባ» አለች። «ግን በሰው ፊት ያሉኝን በሰው ፊት ያንሱልኝ።»

ይህን ሰምቼ እንዴት እሄዳለሁ? እስከ ጁምዓ ቆየሁ። ከሶላት በኋላ ሸሁ መስጊዱ ደጅ ላይ ቆመው፣ «የልጅ ልጄ አለመስማት የእናቷ ጥፋት አይደለም። ከእኔም የወረሰችው ነው» አሉ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ እናትየዋን አየ። እሷ ከሴቶቹ መሃል፣ አጠገቤ ነበረች። ልጅቷ የእናቷን ቀሚስ ጎተተች፤ ምን እንደተባለ ልታውቅ ፈልጋለች። እናትየዋ እጇን አነሳች፤ ግን አየር ላይ ቀረ፤ እንዴት ብላ ትንገራት?

«ይህን የምነግርበትን የእጅ ቋንቋ የት ነው የሚያስተምሩት?» አለችኝ።

«ደሴ» አልኳት።

«ሰኞ ይዣት እሄዳለሁ። እኔም እማራለሁ።»