በአንድ ጣት የሚከፈተው በር

2016 ዓ.ም. ነበር፤ እኔ ሰባ አራት ዓመቴ። ጌጃ ሰፈር ያለው ቤታችን የመኪና ማሳደሪያው በር ብረት ነው፤ ከታች ዝገት በልቶታል። ክረምት በወጣ ቁጥር በሽቦ ብሩሽ ፍቄ ቀለም እቀባዋለሁ። የዚያን ዓመት ግን ክንዴ አልታዘዝ አለኝ። ኮንዶሚኒየም የምትኖረው ልጄ፣ "አባዬ፣ የፋይበር ግላስ በር አስገባ። አይዝግ፣ ቀለም አይል፣ በውሃ ካጠብከው በቃው" አለችኝ።

እምቢ አልኩ። ፕላስቲክ ነው ብዬ አጣጣልኩት። እውነቱ ሌላ ነው። ባለቤቴ መርሳት ከጀመራት ዓመት አልፏታል። ነጠላዋን ለብሳ በቀን ሁለት ሦስቴ ያንን ብረት ስትገፋ አያታለሁ። አይነቃነቅላትም፤ ተመልሳ ትቀመጣለች። ሳልቆልፍባት የያዛት የበሩ ክብደት ነበር። ይህን ለልጄም ለጎረቤትም አልተነፈስኩም። ሚስቱ አበደች እንዲሉ አልፈለግኩም።

ኋላ እኔም በሩን ገፍቼ መኪናዬን ማውጣት አቃተኝ። ብቻዋን ልተዋት ስለማልችል አንድ ቀን ከሰዓት ይዣት አብነት ሰፈር፣ በር ሠሪ ጋ ሄድኩ።

ሻጩ አፉ አያርፍም። መግቢያው ላይ ለማሳያ የተገጠመውን በር በጣቱ ነካ ሲያደርገው ተከፈተ።

"አዩ አባባ? በአንድ ጣት! ድምፅ የለ፣ ግራሶ የለ።"

"ንፋስ ቢወስደውስ?"

"እርስዎን ይወስዳል እንጂ እሱን አይወስድም!"

ባለቤቴ ተጠግታ እሷም በጣቷ ገፋችው። ፊቷ በራ።

"ይሄ ጥሩ ነው። ማንንም ሳላስቸግር እወጣበታለሁ።"

"ወዴት ነው የምትወጪው?"

"ቤቴ ነዋ! አባቴ ይቆጣል።"

"እማማ አራዳ ናቸው እኮ!" ብሎ ሻጩ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። አባቷ ከሞተ አርባ ዓመት አልፎታል፤ ቤቱም ፈርሷል።

ቀለም ሊያሳየኝ ወደ ውስጥ ወሰደኝ። ነጭ፣ ቡኒ፣ እንጨት የሚመስልም አለ። ቡኒውን መርጬ ዞር ስል የማሳያው በር ገርበብ ብሏል። እሷ የለችም። ምንም አልሰማንም።

እየተጣደፍኩ ወጣሁ። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ብጠይቅ፣ "ነጠላ የለበሱት? ደህና ዋይ ብለውኝ፣ መርቀውኝ አለፉ" አለችኝ። የሚመርቅ ሰው ጠፍቷል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ታክሲ ተራ ስደርስ ሰልፈኛው "እማማ ይግቡ" እያለ አሳልፏት ኖሮ፣ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀምጣለች።

"ቁም!" አልኩት ረዳቱን።

"ሞልቷል አባባ፤ ቀጣዩን ይያዙ።"

"ሚስቴ ናት፤ አውርድልኝ።"

ረዳቱ ወደሷ ዞረ። "እማማ፣ ያውቋቸዋል?"

ትክ ብላ አየችኝ። "ኧረ አላውቀውም" አለች።

ተሳፋሪው ሁሉ እንደ ሌባ አፈጠጠብኝ። ታማለች፣ ትረሳለች ብል ያወርዱልኝ ነበር። እኔ ግን የሚኒባሱን በር ይዤ "ሚስቴ ናት" ብቻ እደጋግማለሁ። ሞተሩ ተነሳ። ያወረደልኝ እያለከለከ የደረሰው በር ሻጩ ነው፤ "ባልና ሚስት ናቸው፤ አሁን እኔ ጋ ነበሩ!" ብሎ ጮኾ።

በማግስቱ ጠዋት ልጄን ጠርቼ ሁሉንም ነገርኳት። እሷ እናቷ ጋ ስትቀመጥ ቡኒውን በር፣ ደህና ቁልፍ ያለውን፣ ሄጄ አዘዝኩ። ከዚያ ታክሲ ተራ አስከባሪዎቹ ጋ፣ ቀጥሎ ሰፈራችን ጥግ ላይ ያለው ሱቅ፣ ቀጥሎ በየጎረቤቱ እያንኳኳሁ፣ "ባለቤቴ የመርሳት ሕመም አለባት፤ ብቻዋን ካያችኋት ያዙልኝ" አልኳቸው።