ሃያ አምስት ሁለቴ ይቆጠራል

በማተሚያ ቤቱ ሁሉም «እትዬ ነጥብ» ይሏታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አራሚ ሆና ስትሠራ አንዲት ነጥብ አምልጣት አታውቅም። ፈተና ሲታተም በሩ ይቆለፋል፣ ስልክ ይሰበሰባል፤ እሷ በየገጹ ግርጌ «ይታተም» ብላ ካልፈረመች ማሽኑ አይነሳም። ከእሷ በፊት የነበረው አራሚ አንድ ቀን አልፈርምም አለ። በማግስቱ ወንበሩ ባዶ ነበር፤ የት ገባ ብሎ የጠየቀ የለም።

ዛሬ ዓይኗ መልሶቹ በተዘረዘሩበት ገጽ ላይ ተተከለ። ጥያቄው፦ ከአንድ እስከ ሠላሳ ያሉት ቁጥሮች እርስ በርስ ቢባዙ በውጤቱ መጨረሻ ላይ ስንት ዜሮ ይደረደራል? መልሱ «ስድስት» ይላል።

«እትዬ፣ ይፈርሙና እንገላገል» አላት የማሽን ሠራተኛው።

«ና እስቲ እይልኝ፣ እንዴት እንደሚያምር!» አለችው ድካሟን ረስታ። «ቁጥሮቹን ወደ ብቸኛ ቁጥሮች ፍታቸው፤ ከዚያ ወዲያ ወደማይከፋፈሉት ማለቴ ነው። ዜሮ የሚወለደው ሁለትና አምስት ሲጋቡ ነው። ሁለት ሞልቷል፤ የሚያጥረው አምስት ነው። እሱን ብቻ ቁጠር።»

በጣቱ ቆጠረ። «አምስት፣ አሥር፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ፣ ሃያ አምስት፣ ሠላሳ። ይኸው ስድስት! ምኑ ነው የጎደለው?»

«ሃያ አምስት ሆዱ ውስጥ ሁለት አምስት ይዟል፤ አምስት ሲባዛ በአምስት። ሁለቴ ይቆጠራል። ሰባት ነው!»

«አይ ተንኮለኛ ቁጥር!» ብሎ ሳቀ። ወዲያው ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። መልሶቹን ያዘጋጀው ኃላፊ በሩ ላይ ቆሞ ሲሰማ ነበር።

«አንቺ ፊደል ልቀሚ» አላት። «ቁጥሩን ለባለቤቱ ተዪ።»

«ጌታዬ፣ ሰባት ብሎ የመለሰ ተማሪ ሁሉ ተሳስተሃል ሊባል ነው።»

«ይባላ። በስሜ ጸድቋል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጆች አሉሽ፣ አይደል?»

በትሕትና መጠየቁ ነው ያስፈራት። ቢሆንም «ስድስት»ን ሰርዛ ዳር ላይ «ሰባት» ጻፈች፤ አልፈረመችም።

ኃላፊው አልተቆጣም። የማሽን ሠራተኛውን አስወጣና በሩን ቆለፈ። ከቦርሳው ንጹሕ ቅጂ አውጥቶ ከፊቷ ዘረጋ።

«ጊዜ አለን» አላት፣ ወንበር እየሳበ።

እሷም በአዲሱ ቅጂ ላይ ስድስቱን ሰረዘች። እሱ ሦስተኛውን አወጣ።